ልብስ እጥበት በአዲስ አበባ፦ ከወንዝ ዳር እስከ መታጠቢያ ክፍል ጥግ

ልብስ የሚታጠበው ውኃ ባለበት ነው። የአዲስ አበባ የልብስ እጥበት ታሪክም የከተማዋን ውኃ እግር በእግር የሚከተል ታሪክ ነው። ሰው ወደ ውኃ ይወርድ በነበረበት ዘመን እጥበቱ ወንዝ ዳር ነበር። ውኃ በቦኖ ሰፈር ሲደርስ ወደ ደጃፍ፣ በቧንቧ ግቢ ሲገባ ወደ ጓሮ መጣ። ፎቅ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከሻወሩና ከመጸዳጃው አጠገብ በተገኘች ጥግ ተወሰነ። በዚህ ጉዞ ውኃው እየቀረበ ድካሙ ቀንሷል፤ ወንዝ ዳር በነጻ ይገኙ የነበሩት ፀሐይ፣ ሰፊ ቦታና የቆሸሸውን ውኃ ይዞ የሚሄድ ጅረት ግን አንድ በአንድ ቀርተዋል። ዛሬ በመታጠቢያ ክፍል ጥግ ልብስ ማጠቢያ ለማሠራት የሚያቅድ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ እነዚህን የቀሩ ነገሮች በምን ይተካል የሚለው ነው።

የወንዝ ዳር እጥበት

በደጋው ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የሚታጠበው ልብስ በአብዛኛው በእጅ የተፈተለ፣ በሸማኔ የተሠራ ነጭ ጥጥ ነበር። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት። ቡሉኮ ከሁለቱም ይከብዳል። እንዲህ ያለ ልብስ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር በእጅ አሽቶ መጨረስ ያዳግታል። ስለዚህ ልብሱ በወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወይም በጎድጓዳ ዓለት ውስጥ ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጥ ነበር። ቀጥሎ በሚፈስሰው ውኃ ይለቀለቃል፤ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ እየጠመዘዙ ይጨምቁታል፤ በመጨረሻም በሣር ወይም በቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል። ብርቱ የደጋ ፀሐይ ልብሱን ከማድረቅ አልፎ ያነጣዋል።

ሥራው የሴቶች ብቻ አልነበረም። በሰሜኑ ደጋ በአንዳንድ ቦታዎች ከባዱን ልብስ ወንዝ አውርደው የሚረግጡት ወንዶች ነበሩ። በገጠርም በከተማም ወንዝ ዳር ከእጥበት ሌላ ወሬ የሚሰማበት፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ስፍራ ነበር።

የእጥበቱን ቀን የሚወስነው የበዓል አቆጣጠር ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ በእሑድና በዐበይት በዓላት ልብስ አይታጠብም፤ ስለዚህ የበዓሉ ዋዜማ የእጥበት ቀን ሆነ። ከዓመቱ ሁሉ ደግሞ የእንቁጣጣሽና የጥምቀት ዋዜማ ይበልጣሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል የክት ልብስ ታጥቦና ነጥቶ የሚጠብቀው የትኛውን ቀን እንደሆነ ያመለክታል። ቤተ እስራኤላውያንም በመንጻት ሥርዓታቸው ምክንያት መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ገላቸውንና ልብሳቸውን ማጠብ የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነበር።

እንዶድ

ሳሙና እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት የኢትዮጵያ ሳሙና እንዶድ ነበር። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በአጥርና በጫካ ዳር የሚበቅል፣ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ትናንሽ ፍሬዎቹ ተለቅመው ይደርቃሉ፤ ተወቅጠውም ከውኃ ጋር ሲመቱ ብዙ አረፋ ያወጣሉ። አረፋውን የሚሰጠው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ውህድ ነው። ሳሙና ካልሲየምና ማግኒዥየም ከበዛበት ውኃ ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ በልብሱ ላይ ይቀራል፤ ሳፖኒን ግን ይህ ጠባይ የለውም። ስለዚህ እንዶድ በማንኛውም ምንጭና ወንዝ ያገለግል ነበር፤ የጥጥ ሸማንም ሳይጎዳ ያነጻል።

ይህ የእጥበት ልማድ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓለም ሳይንስ ዘንድ የሚጠቀስ ግኝት ወለደ። ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ በሽታን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ አጣቢዎች ለረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ ስለሚቆሙ ለበሽታው ከሚጋለጡት መካከል ናቸው። አክሊሉ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ፤ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የእንዶዱ አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሞከርም ገደላቸው።

ከዚያ በኋላ ምርምሩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስም በፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ቀጠለ። ከፍሬው የተለየው ንጥረ ነገር በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዘሮች መካከል ብርቱውን መርጠው በማልማት ሥራ ተጠመዱ፤ እንዶድ 44 የሚባለው ዝርያ ከዚህ የተገኘ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቱቦዎችን የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለማጥፋት እንዶድን ሞክሮ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የልብስ አጣቢዎች ዕውቀት በውጭ አገር ተቋም ስም መመዝገቡ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ያካተተ ሰፊ ክርክር አስነሣ።

የከተማዋ ውኃ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከምክንያቶቹ አንዱ ውኃ ነበር። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ ቁር ወርደው በፍልውኃ ይታጠቡ ነበር፤ ከፍልውኃው አጠገብ የተሠራው ቤትም ለከተማዋ መነሻ ሆነ። ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎቹ ከእንጦጦ የሚወርዱ ወንዞች ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጧታል። በየሰፈሩ ገደል ሥር የሚፈስሱት እነዚህ ወንዞች የመጀመሪያዎቹ የልብስ ማጠቢያዎች ሆኑ። ለመጠጥ የሚሆነውን የምንጭ ውኃ ውኃ ቀጂዎች በእንስራ ያመላልሱት ነበር፤ ያን ውኃ ለልብስ ማፍሰስ ቅንጦት ስለሆነ ልብሱ ራሱ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የቧንቧ ውኃ ወደ ከተማዋ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር የተጠለፈውን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አደረሰ። ውኃ ቁልቁል ወርዶ ተመልሶ ዳገት መውጣቱ የዘመኑን ሰው ሲያስገርም ኖሯል። ምሥጢሩ ግን የመነሻውና የመድረሻው የከፍታ ልዩነት ነው፤ መነሻው ከመድረሻው ከፍ እስካለ ድረስ ውኃው መካከል ላይ ያለውን ሸለቆ አልፎ ይወጣል። ይህ ሕግ ዛሬም ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚወርደውን ውኃ ጉልበት የሚወስን ነው።

ለሕዝቡ የሚዳረስ ውኃ ግን ብዙ ዘግይቷል። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የመንገድ ዳር ቦኖዎች በየሰፈሩ ተተከሉ። ቦኖው የእጥበትን ልማድ ቀየረ፤ ልብሱ ወደ ውኃ መውረዱ ቀርቶ ውኃው በባልዲና በጣሳ፣ ኋላም በጀሪካን ወደ ቤት መጣ። የሚፈስሰው ወንዝ በሳፋ ተተካ። ሳፋ ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቆሽሽ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ውኃ ለውጦ ማለቅለቅ ግድ ሆነ። የቆሸሸው ውኃም የሚሄድበት ስላልነበረው በየደጃፉ ቦይ ይደፋ ጀመር።

ሳሙና፣ ካውያና ልብስ አጣቢ

ሳሙና በከተማው የተለመደው በነጋዴዎች እጅ ነው፤ በመጀመሪያ ከውጭ እየገባ፣ በኋላም በአገር ውስጥ ፋብሪካ እየተሠራ። ባርና ቁራጭ የልብስ ሳሙና ከቦኖው ውኃና ከሳፋው ጋር ተስማምቶ እንዶድን ከከተማው ቀስ በቀስ አስወጣው። ዱቄት ሳሙና ሲመጣ ደግሞ ማሸቱ ቀለለ፤ ኦሞ የሚለው የንግድ ስም የማንኛውም ዱቄት ሳሙና መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ።

ንጽሕና የጤና ጉዳይም ነበር። ተስቦና ግርሻ የሚባሉት ትኩሳቶች በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ፤ ጦርነት፣ ረኃብና መጨናነቅ ባለበት ሁሉ ኢትዮጵያን ደጋግመው ጎድተዋል። ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ እንቁላሉን ስለሚጥል ቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን አያጠፋውም። ልብስን በበርሜል መቀቀልና በጋለ የከሰል ካውያ ስፌቱን መተኮስ የተለመደው መከላከያ ነበር። ካውያው ከጌጥነቱ ይልቅ መድኃኒትነቱ የጎላበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

ከተማው ሲሰፋ እጥበት የገቢ ምንጭ ሆነ። ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የቢሮ ሠራተኞች ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ ፈለጉ፤ ላውንደሪ የሚል ታፔላ በየመንገዱ ታየ፤ ሱፍ ልብስ በውኃ ስለማይታጠብ ደረቅ እጥበትም አብሮ መጣ። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ያስተዳደረው ግን በየቤቱ እየዞሩ ማጠብ ነው። ከገጠር የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ብዙ ሴቶች በቀን ሒሳብ ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። የዚህ ሥራ ዋጋ በታሪክ መዝገብ ብዙ አልተጻፈም፤ በከተማዋ ነዋሪዎች የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን እናት ልብስ አጥባ እንዳሳደገች የሚናገር ሰው ጥቂት አይደለም።

ጓሮና ገንዳ

በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለጣልያን ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች በከተማዋ አዲስ የቤት አሠራር አስተዋወቁ። ከእነዚህ የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ሰፈር ዛሬ ካዛንቺስ በመባል ይታወቃል። ከነጻነት በኋላ በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተሠሩት ቪላዎች ዋናው ቤት ውስጥ መታጠቢያ ክፍል ገባ፤ ልብስ ማጠቢያው ግን በሰርቪስ ቤቱ በኩል ጓሮ ቀረ። እዚያ የሚሠራው የሲሚንቶ ገንዳ የወንዝ ዳሩን ድንጋይ የሚተካ ነበር፦ ዘንበል ያለና የተሸነተረ ማሻ፣ ከጎኑ ውኃ መያዣ፣ ከላዩ ቧንቧ፣ ከሥሩ ፍሳሽ፣ አጠገቡ የተዘረጋ ገመድ። ውኃ መግቢያ፣ ውኃ መውጫ፣ መሥሪያና ማድረቂያ በአንድ ቦታ የተሟሉበት በመሆኑ ከወንዝ ዳር በኋላ ከታዩት ማጠቢያዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

አብዛኛው ነዋሪ ግን እንዲህ ያለ ጓሮ አልነበረውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዞር ብዙ ግቢዎች ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። በአንድ ግቢ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃና ብዙ ሳፋ ሆነ። የማስጫ ገመድ ተራ፣ የውኃ ቢል ክፍያና የፍሳሽ ቦይ ጽዳት የጎረቤት ስምምነትም ጠብም ምክንያት ሆኑ። የፍሳሽ መሥመር ገና በጥቂት ሰፈሮች ብቻ ነበር፤ የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ከብዙው ግቢ የሚወጣው የሳሙና ውኃ በቦይ አድርጎ ወደ ወንዞቹ መውረዱን ቀጠለ። በአንድ ዘመን ልብስ የሚታጠብባቸው ወንዞች የእጥበት ቆሻሻ ተቀባዮች ሆኑ።

ማሽኑ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። ውኃ እየሞላ፣ እያጠበ፣ እያለቀለቀና እየጨመቀ ሥራውን በራሱ የሚጨርሰው ማሽን ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. በቤንዲክስ ኩባንያ ቀረበ። የመጀመሪያው ቤንዲክስ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ወለል ላይ በብሎን ይታሰር ነበር። ይህ መንቀጥቀጥ ከጊዜ በኋላ በማሽኑ ውስጥ በሚገጠም የኮንክሪት ክብደትና በስፕሪንግ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም።

ማሽኑ በየአገሩ የተቀመጠበት ቦታ እንደ ቤቱ አሠራር ይለያያል። ሰፊ ቤት ባላቸው አሜሪካውያን ዘንድ የራሱ ክፍል ወይም ምድር ቤት አገኘ። በእንግሊዝ የመታጠቢያ ክፍል ሶኬት ደንብ ጥብቅ ስለሆነ ወደ ወጥ ቤት ገባ። በፈረንሳይ፣ በጣልያንና በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አፓርታማዎች ግን ውኃና ፍሳሽ ባለበት በመታጠቢያ ክፍል ጥግ ተቀመጠ። አዲስ አበባ የተከተለችው ይህን ሦስተኛውን መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ማሽን እንዲለመድ በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ መስፋፋት ነበረበት። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ኃይል ማመንጫ ለዚህ ትልቅ እርምጃ ነበር። እንዲያም ሆኖ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ በኤምባሲዎች፣ በሆቴሎችና በጥቂት ባለጸጋ ቤቶች ብቻ ተወስኖ ቆየ። ካስፋፉት ምክንያቶች አንዱ ስደት ነው። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኛነት የቆዩ ሴቶች፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመለሱ ቤተሰቦችም ማሽኑን ለምደው መጡ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በብዛት የተሸጠው ሁለት በርሜል ያለውና ግማሽ ሥራው በእጅ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ውኃ በባልዲ ሊሞላለት ስለሚችል የቧንቧ ግፊት አይጠብቅም።

ኮንዶሚኒየምና ጥጉ

በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር እጥበቱን ከጓሮ ወደ ፎቅ አወጣው። ንድፍ አውጪዎቹ የጓሮው ሥራ ሁሉ በቤት ውስጥ እንደማይቻል ተረድተው በየሳይቱ ኮሙናል የሚባለውን የጋራ ሕንፃ ሠሩ፤ እንጀራ መጋገር፣ በግ ማረድና ልብስ ማጠብ እዚያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ከአራተኛ ፎቅ እርጥብ ጋቢ ተሸክሞ መውጣትና መውረድ አድካሚ ስለሆነ፣ ኮሙናሉም በየቦታው ለሌላ አገልግሎት ስለዋለ፣ ነዋሪው ሳፋውን ወደ ሻወሩ ወለል አመጣው። ባለ አንድ መኝታው ቤት ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር በመሆኑ ለእጥበት የተለየ ክፍል አልተተወም። ማሽን ሲገዛም የተገኘችለት ቦታ በመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳዎች መካከል የምትገኘው ጠባብ ጥግ ናት።

ይህችን ጥግ ማደስ የወንዝ ዳሩን አራት ነገሮች በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ መልሶ ማሟላት ነው።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቦታ ነው። ከፊት የሚከፈተው የተለመደ ማሽን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ አለው፤ በግራና ቀኝ ለመንቀጥቀጡ ጥቂት ክፍተት፣ ከኋላው ለቱቦዎቹ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጨመር ጥጉ 65 ሴንቲ ሜትር ወርድና 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ይህ ካልተገኘ ከላይ የሚከፈተው ጠባብ ዓይነት ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የክፍሉ በርና የማሽኑ በር እንዳይጋጩ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሚገባው ውኃ ነው። ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ አንድ ባር የሚሆን ግፊት ይሰጣል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል የሚሰጠው 0.3 ባር ነው፤ ብዙ ማሽኖች ግን ቢያንስ 0.5 ባር ይጠይቃሉ። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ወይ ትንሽ ፓምፕ ያስገጥማል፣ ወይ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ማሽን ይመርጣል። ከታች ያለው ጎረቤት ግን ይህ ችግር አይብስበትም።

ሦስተኛው የሚወጣው ውኃ ነው። የማሽኑ መድፊያ ቱቦ ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ካለ ማሽኑ የሞላው ውኃ በራሱ ይፈስሳል። መሥመሩ ሽታ የሚያግድ ሲፎን ያስፈልገዋል፤ ወለሉም ወደ ፍሳሽ መውረጃው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል አለበት። ከሴራሚኩ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ካልተደረገ ፍሳሹ የታችኛው ቤት ጣሪያ ላይ ይታያል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በተገጣጣሚ አግዳሚና ባዶ ብሎኬት የተሠራውን ወለል መብሳት ሕንፃውን ይጎዳል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው ዋና አካል የጋራ ንብረት ስለሆነ አዲስ መሥመር ከመቁረጥ በፊት ከማኅበሩ ጋር መስማማት ይገባል።

ኤሌክትሪክ ወንዝ ዳር ያልነበረ አደጋ ነው። ዓለም አቀፉ የመታጠቢያ ክፍል ደንብ ሶኬት ከሻወሩ ክልል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ፣ የምድር ሽቦ እንዲኖረውና 30 ሚሊ አምፔር ጅረት ሲያፈተልክ ኃይሉን በሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ውኃ የሚያሞቅ ማሽን 2000 ዋት ያህል ስለሚወስድ በማራዘሚያ ገመድ መሰካት የለበትም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማድረቂያው ነው። 5 ኪሎ ደረቅ ልብስ በደቂቃ 1000 ዙር ከተጨመቀ በኋላም 3 ሊትር ያህል ውኃ ይዞ ይወጣል። ይህ ውኃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን ግድግዳው ይሻግታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ደግሞ ልብሱ ራሱ ይሸታል። ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ማስጫ፣ ካልሆነም በረንዳ ላይ የሚዘረጋ ገመድ ከማሽኑ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

በበጀት ረገድም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ፍሳሹና ውኃ የማያሳልፈው ሽፋን፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ጥበቃውና አየር ማስወጫው፣ ከዚያ ማሽኑ፣ በመጨረሻ ሴራሚኩና መደርደሪያው። ማሽን ሊለወጥ ይችላል፤ ከሴራሚክ ሥር የተቀበረ ስሕተት ግን ያለ መዶሻ አይታረምም።